የሚዛን አስተካካዩ አራተኛ ልጅ

ጎረቤቴ ሚዛን አስተካካዩ ባረፈ ማግሥት ጠዋት፣ መነጽሬን ላስጠግን ወጥቼ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ታላቅ ወንድሙንና ትልቁን ወንድ ልጁን አገኘኋቸው። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። መቃብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ግን ገና አልተባዛም፤ ሁለቱ አንዷን ወረቀት ግራና ቀኝ ይዘው ይከራከራሉ። ላልፍ ስል አጎትየው ክንዴን ያዙኝ። እኔም፣ ላልዋሽ፣ ነገር መስማት እወዳለሁ።

“መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! እስቲ ይፍረዱን” አሉ። “ይኼ ልጅ አባቱን ሁለቴ ሊገድለው ነው።”

ልጁ የተማረ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ዐይኑ በለቅሶ አብጧል።

“መምህር፣ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ወረቀቱ ‘የሦስት ልጆች አባት’ ይላል። እኛ ግን አራት ነን። አባዬ እናቴን ሳያገባ በፊት የወለዳት እህት አለችን።”

ይህን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር እኔ አልሰማሁም ነበር።

“ማን የለችም አለ?” አሉ አጎትየው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “መወለዷን ሰምቻለሁ፤ መልኳን ግን አላውቅም። አባትህ የሸሸገውን እኛ አደባባይ እናውጣው? ገመና ይሸፈናል እንጂ አይነበብም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እያደር ይጥራ! ዛሬ ግን ወንድሜን በክብር ልቅበር።”

“እንግዲያው ይችን መስመር እንሰርዛት” አለ ልጁ በጣቱ እያሳየ። “‘ዕድሜውን ሙሉ ለእውነት የኖረ’ ትላለች። ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እህቴ ትግባ። ሁለቱን መስመሮች እንዲህ እንዳሉ ቆሜ አላነብም።”

 ሟቹ በነጋዴዎች ሚዛን አዛባልን ተብሎ ስንት ጊዜ ተለምኖ አንድ ቀን እንኳ እሺ አላለም። የራሱ ቤት ነገር ሲሆን ግን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ፈራ። ይህ ፍርሃት ስንቱን ደህና ሰው በልቷል።

“እናትህስ? በሐዘኗ ላይ ሌላ ሐዘን?” አሉ አጎትየው።

“ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። ‘ያቃጠለኝ ልጅቱ መወለዷ አይደለም፤ እኔን ፈርቶ መኖሩ ነው። ጻፋት’ አለችኝ።”

“ልጅቱ ራሷ መች ብቅ አለችና?”

“ብቅ ብላለች፣ ጋሼ። ሆስፒታል በየቀኑ ሾርባ ታመጣለት ነበር። ጠያቂ ሲገባ አባዬ እንዳያፍር ብላ መወልወያ አንሥታ የጽዳት ሠራተኛ ትመስላለች። እርስዎም አንድ ቀን ‘አንቺ፣ አልጋው ሥር አልጸዳም’ ብለዋታል።”

የአጎትየው ፊት ዐመድ መሰለ።

“ያቺ... ያቺ ጠይም ልጅ?”

“እሷው ነች። ተንበርክካ ወለወለችው። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም አጠገባችሁ ቆሜ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ግን ዝም አልልም።”

ሽማግሌው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ቆይተው ብዕሬን ተቀበሉኝና ሦስት የሚለውን ሰርዘው አራት ብለው ጻፉ።

በቀብሩ ላይ “የአራት ልጆች አባት” ተብሎ ሲነበብ ጉርምርምታ ተሰማ፤ ሰማይ ግን አልተደፋም። አጎትየው ሰዉን ሰንጥቀው ወደ ኋላ ሄዱና ከአጥሩ ሥር ብቻዋን የቆመችውን ሴት እጇን ይዘው አመጡ። ከሟች ሚስት አጠገብ አስቀመጧት። ባልቴቷም ቀና ብላ አየቻትና ነጠላዋን አካፈለቻት።

ዛሬ ባልቴቷን የምታስታምማት ያቺው ልጅ ናት። ከሰፈራችንም ሁለት አባቶች የሸሸጓቸውን ልጆች በቁማቸው ወደ ቤት አመጡ። ለእውነት መኖር ማለት ለሌላው ባስተካከሉት ሚዛን ራስን መመዘን ነው፤ ያውም ሳይረፍድ።

ለጎረቤቴ ግን ረፍዶ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ሽማግሌው፣ “ልጄ፣ ያን ቀን ሆስፒታል ምነው ማንነትሽን ብትነግሪኝ?” ሲሏት ሰምቻለሁ።

“አባዬ እስኪነግርዎት እየጠበቅሁ ነበር” አለቻቸው።