ገዳዩ አባት

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ስጠጣ የድሮ የክፍል ጓደኛዬን አብዲን አገኘሁት። ተማሪ ሳለን በትምህርት ቤታችን ድራማ እሱ አፍቃሪው ነበር፣ እኔ ደግሞ ልጄን አልድርም የምለው አባት። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ፍቅረኞች ይሞታሉ። መምህራችን ወደ ተመልካቹ ዞረው «ለሞታቸው ተጠያቂው ማነው?» ሲሉ አዳራሹ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም እኔን ረገመኝ። ከዚያ በኋላ የሰፈር እናቶች ባዩኝ ቁጥር «ይሄ ጨካኝ መጣ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እንዴት ደስ የሚል ጊዜ ነበር!

ይህን እያነሳን ስንስቅ አብዲ ድንገት የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ትልቋ ልጄ ሀያት አንድ ልጅ ወዳለች» አለኝ። «ዘመዶቹን አላውቃቸውም፤ እምቢ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም፤ ምግብም በቅጡ አትበላም። ያኔ ሰዉ ሲረግምህ እኔ መድረኩ ላይ ሞቼ ተጋድሜ፣ በልቤ አብሬያቸው እረግምህ ነበር። አሁን ቤቴ ገብቼ የምናገረው ያንተን ቃል ሆነ።»

ሳቄ ሁሉ ጠፋ።

«ልጁን አይተኸዋል?» አልኩት።

«አላየሁትም።»

«አቦ፣ ሳታየው ነው እንዴ እምቢ ያልከው?»

ሻዩን አማሰለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ሀያት፣ ያ ልጅ አርብ ምሳ ቤታችን ይምጣ» አላት።

የሀያት ድምፅ ከስልኩ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«አባ፣ አሞሃል እንዴ?»