ከምንጩ በላይ ድማሚት አይፈነዳም

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ አዳራሹን አሳምራችሁ፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁልኝ ውለታችሁን እግዜር ይክፈልልኝ። አንዳንዶቻችሁ የመጣችሁት ጡረታ ወጥቼ መሄዴን በዓይናችሁ አይታችሁ ለማረጋገጥ እንደሆነ አውቃለሁ። እናንተንም አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ "ዛሬ እንኳ አትቆጪ" ብለውኛል። እሞክራለሁ። ግን በዚህ ቢሮ ስሜ ማን ነበር? "ወይዘሮ እምቢ" አይደል? ስሙ ከየት እንደመጣ ለአዲሶቹ ልንገራቸው።

አንድ ኩባንያ ከከተማችን በላይ ባለው ተራራ ላይ የድንጋይ ካባ ልክፈት ብሎ መጣ። ለመንገድ ስለሚቀርበው ከምንጩ በላይ ያለውን ጫካ መረጠ። በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ገምግሞ ማጽደቅ ወይም መከልከል የእኔ ሥራ ነበር። ወጥቼ አየሁ። ዛፉ ተመንጥሮ ዐለቱ በድማሚት ከተናጋ ምንጩ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ አፈሩ ተንዶ ታች ሰፈር ላይ ይወርዳል። አላጸድቅም አልኩ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ያኔ የክፍሌ ኃላፊ ነበሩ። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሥራ አጥቶ አንቺ ለዛፍ ታለቅሻለሽ?"

"ውኃ ሳይጠጣ የሚሠራ ሠራተኛ ካገኙ ያሳዩኝ" አልኩዎት።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ የተሰባበረ ወንበር የሚከማችበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ገባ። ሾፌራችን "አይዞሽ፣ እዚህ የሚጨቀጭቅሽ የለም" እያለ ያስቀኝ ነበር።

እሱስ ይቻላል። የከበደኝ የቤቴ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ያንን ካባ ተማምኖ የሠርጉን ቀን ቆርጦ ነበር። "የእናቴ ልጅ ጉሮሮዬን ዘጋችው" ብሎ ደጄን መርገጥ ተወ። እናታችን ስትታመም አልጋዋ ግራና ቀኝ ተቀምጠን አንነጋገርም ነበር። እኔ አልተሳሳትኩም፤ ግን እሱስ ተሳስቷል? ሥራ ያስፈልገው ነበር።

እምቢ ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ያኔ ገባኝ። ከጂኦሎጂ ባለሙያዋ ጓደኛዬ ጋር የተራራውን ጀርባ አሰስን፤ ምንጭም ሰፈርም የሌለበት ራቁት ገመገም አገኘን። ድንጋዩ ያው ነው፤ መንገዱ ብቻ ይረዝማል። ኩባንያው "አያዋጣም" አለ።

ጉዳዩ ለሕዝብ ስብሰባ ሲቀርብ ወንድሜ ብድግ አለ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"እህቴን እንዳኮረፍኳት ነኝ" አለ። "ግን እኛ በእግራችን ለመሄድ ካልሰነፍን፣ የእናንተ መኪና ምን ነካው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኩባንያውም እያጉረመረመ ከተራራው ጀርባ ሄደ። ዛሬ ካባው ይሠራል፤ ምንጩም ይፈሳል። ወንድሜ አቧራውን ሳያራግፍ ቤቴ እየገባ ሶፋዬን ያበላሻል።

አሁን ደግሞ እዚያው ጫካ ውስጥ ሆቴል ሊሠራ ነው፤ "እሷ ትውጣና ይጸድቃል" ይባላል አሉ። ሆቴል እኔም እወዳለሁ። ቦታ ሞልቷል፤ ሌላ ፈልጉ! ጡረታ የወጣሁት ከቢሮው ነው እንጂ ከተራራው አይደለም። ስብሰባ በጠራችሁ ቁጥር ከፊት ወንበር ታገኙኛላችሁ። ደግሞ ከእንግዲህ ጠረጴዛዬን ወዴት ታዛውሩታላችሁ?

በቦታዬ የምትተኪው ወጣት ባልደረባዬ፣ ሲቆጡሽ አትደንግጪ፤ ስትከለክዪ ግን ሌላ መንገድ ፈልገሽ አሳዪ።

ሁላችሁንም ሥራ አያሳጣችሁ፣ ጤና አይንሳችሁ። ልጆቻችሁ እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ሠርተው፣ እዚሁ ይክበሩ። እውነት ይዛችሁ ስትቆሙ ጉልበታችሁ አይክዳችሁ። ደኅና ሁኑልኝ።