ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ድምፅ

ጡረታ የወጡት ራዲዮ ጠጋኝ ለቴፓቸው ላስቲክ ፍለጋ ሦስት ሱቅ አዳርሰው፣ በአራተኛው ደጃፍ ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር ተገናኙ። ልጅቷ የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ በየመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ የምትዘረጋ ናት።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ምነው እንዲህ ከፋዎት?»

«እንዴት አይከፋኝ ልጄ! የሰው ስጠግን ኖሬ የራሴ ቴፕ ጉድ ሠራኝ። የባለቤቴን ካሴት ክሩን በላው።»

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በደጉ ዘመን ራዲዮ ጠጋኙ ማይክሮፎን ሲሞክሩ፣ ሚስታቸው እየሰፉ ሲያንጎራጉሩ ሳያውቁት ተቀዱ። የቀረው ድምፃቸው ያ ብቻ ነው። ክሩ እንዳያልቅ ተብሎ ካሴቱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ በዓመት አንዴ ይሰማል፤ እሱም ሳሎን ብቻ፤ ቴፑ ከቁም ሣጥኑ ጋር ስለተጋጠመ አይነቃነቅም። ቤተሰቡ እትዬ የሚላቸው የራዲዮ ጠጋኙ ታላቅ እህት ደግሞ ዳሌያቸው ተሰብሮ ጓዳ ከተኙ ሦስት ዓመታቸው ነው።

«የተበላውን ክር እርስዎ ያቃኑታል» አለች ልጅቷ። «አንዴ ብቻ ያጫውቱልኝና ኮምፒውተር ላይ ልገልብጠው። ከዚያ በቤትዎ ዋይፋይ ሳሎንም ጓዳም ይሰማል።»

«በአየር? የሚስቴን ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማው?»

«ከቤትዎ አይወጣም ጋሼ፤ ኢንተርኔትም አያስፈልገው። የይለፍ ቃሉ እንደ በርዎ ቁልፍ ነው፤ ያልፈቀዱለት አይገባም።»

«ካሴቱስ? እንደ አሮጌ ቁና ሊወረወር?»

«ኧረ በፍጹም! እሱ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። ቅጂውንም ሁለት ቦታ እናኖራለን፤ አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ። ደግሞ አይቆጡኝና፣ እትዬ ሳይሰሙት ለማን ነው የሚቆጥቡት?»

ሽማግሌው ላስቲኩን ከአራተኛው ሱቅ ገዝተው ወደ ቤት ሲያመሩ ይህንኑ ያሰላስሉ ነበር። መቆጠብ መልካም ነው፤ የቤት ሰው የማይደርስበት ቁጠባ ግን ከንፍገት በምን ይለያል?

ቅዳሜ ጠዋት ላስቲኩን ለቴፑ ገጥመው ክሩን በእርሳስ እየጠቀለሉ አቃኑት። ልጅቷ ገለበጠችና ሳሎንና ጓዳ ውስጥ ትንንሽ ድምፅ ማጉያ አኖረች። ስልኳን ስትነካው የስፌት መኪናው ኳኳታ፣ ከዚያም ያ እንጉርጉሮ ቤቱን ሞላው። ራዲዮ ጠጋኙ ኮሪደሩ መሐል ቆመው ባለቤታቸው ከክፍል ክፍል የሚመላለሱ መሰላቸው፤ ናፍቆታቸው ተነሣና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ። «አሁን ክሩ ያልቃል ሳንል በፈለግን ጊዜ እንሰማለን፤ አልጋ ለያዘም እተኛበት ድረስ ይመጣለታል። ካሴት ያላችሁ ሳይበላባችሁ አስገልብጡ እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ እነግራለሁ!»

ይህን ሲሉ እንጉርጉሮው ቆመና ያ ድምፅ ጠየቀ፤ «እትዬ፣ መቀሴን አላዩልኝም?»

ራዲዮ ጠጋኙ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ሰምተውታል። ካሴቱ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ መልስ የለውም።

ጓዳ ውስጥ አልጋው ተንቀጫቀጨ።

«ከጨርቁ ሥር ነዋ፣ የኔ እናት!» አሉ እህታቸው። «ሁልጊዜ እዚያው አይደል የምትረሺው?»