ለተፎካካሪው ያዘንን ጊዜ

ሸቀጥ ላመጣ ከመርሳ ወደ ወልድያ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ተቀምጠው ነበር።

«ወዴት ነው አባቴ?» አለቻቸው ሴትየዋ።

«የፓርቲው ስብሰባ አለ። ሊቀመንበራችንን ዛሬ ሊያወርዱት ነው። በምርጫው የገዛ ቀበሌው የጣለው ሰው እንዴት ይመራናል ብለው።»

«እውነት ጣላችሁት?»

«ጣልነው፣ ልጄ።»

«ምን በድሏችሁ?»

«ወላሂ ምንም። ውሃ ያስገባልን እሱ ነው። ማሸነፉን ማን ተጠራጠረ? ያ ተፎካካሪው ግን የሚመርጠው ያለ አይመስልም ነበር። እሱም የጎረቤት ልጅ ነው፤ ያለ አንድ ድምፅ ቀርቶ እንዳያፍር ብዬ የእኔን ሰጠሁት።»

«አንድ ድምፅማ ምን ይጎዳል?»

«ሚስቴም አዝናለት ኖሯል። መስጊድ ስንገናኝ ሰዉ ሁሉ እንደዚያው። እያንዳንዳችን ብቻችንን ያዘንን መስሎን።»

«አሸናፊውማ ደስ ብሎታል።»

«ከእሱ በላይ የደነገጠ የለም።»

«ታዲያ ይህን ቢነግሯቸው ያምኑዎታል?»

«እንጃ።»

«ሊቀመንበሩ ራሱስ?»

«ትናንት ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ‹አባቴ፣ ባይመርጡኝም አይዋሹኝ› አለኝ።»

የዚያው ቀበሌ መራጭ የሆንኩት እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የሲሪንቃን ማሽላ ማየት ጀመርኩ።