የሰማይ ለኪዎቹ ሳጥን

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ላፕቶፕ ያዘለች ወጣት ሴት ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ እነዚያን ሦስት ሳጥኖች በየማሳችን ያስቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ አባባ። ከሰማይ የሚወርድ፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ የጨረር ቅንጣት አለ። እንደ ካፊያ ተበትኖ ነው የሚደርሰን። ሳጥኖቹ እሱን ይቆጥራሉ።»

«አንዱ ሳጥን አይበቃም?»

«አይበቃም። የትኛው ላይ ቀድሞ እንደወረደ አይተን ነው ከየት በኩል እንደመጣ የምናውቀው።»

«እሱስ ልክ ነው። ዝናቡም ከደብረ ሲና በኩል ሲመጣ መጀመሪያ የኔን የማሾ ማሳ ነው የሚመታው።»

«እንደሱ ነው! ሰሞኑን ግን ስሌቱ ተዛብቶ ሰማዩ ሁሉ ያጋደለ መሰለን። አንዱን ሳጥን ሰው ከቦታው ሳያርቀው አልቀረም። ሃምሳ እርምጃ ያህል።»

«ወላሂ አርባ ነው።»

«አባባ! እርስዎ ነዎት?»

«ሳትጠይቁኝ ማሳዬ ጥግ ላይ ስታቆሙት ዝም ልበል? ወደ ጎረቤቴ አሻገርኩት። መሬት ሊወሰድ ሲል መጀመሪያ የሚመጣው ችካል ነው።»

«ችካል አይደለም እኮ! እኛ የምንለካው ሰማይን ነው፤ መሬትዎን ማን ነካው?»

«ሰማይን የለካ መሬት ያቅተዋል?»

«በሉ እሺ፣ ነገ አብረን እንመልሰዋለን።»

«መልሱት። እኔም ከጎኑ ንቅንቅ አልልም።»

እኔም ጀውሃ እስክወርድ ድረስ የራሴን ማሳ የድንበር ድንጋዮች በልቤ ስቆጥር ነበር።