የመሠረቱን ሥጋ የበላ ምስክር

«ሥጋውን በልቼ፣ ዱዓ አድርጌ፣ አላህ ይስጥልኝ ብዬ የተለየሁትን ሰው ዛሬ ዳኛ ፊት ቆሜ ዋሽቷል ልበለው? ይህን ውሻም አያደርገው።»

ጋሽ ሙክታር ይህን የተናገሩት ባልባላ በሚባለው ሰፈር ሚኒባስ መቆሚያ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ዳስ ሥር፣ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል ተክለው ነው። ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግረው መጥተው ፔካ 12 በሚባለው የመኪና ማቆሚያ የከባድ መኪና ጎማ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ፊት ለፊታቸው ግንበኛው መርሻና ሀዊ ተቀምጠዋል። ሀዊ ሕግ ተምራ የመርሻን ክስ በያዘው ጠበቃ ቢሮ በአስተርጓሚነት የምትሠራ ወጣት ናት። ሁለቱ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ሽማግሌውን እዚህ በአጋጣሚ አግኝተው እንዲመሰክሩ ቢለምኗቸው ጭቅጭቁ ተጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርሻ ሮብሌ ለሚባል ነጋዴ አምቡሊ ሰፈር መጋዘን ሠራ። ውሉ የሚለው የአንድ ሜትር መሠረት ነው። አፈሩ የወንዝ ደለል ሆኖ ሲገኝ ሮብሌ «ቆፍር፣ እከፍላለሁ» አለው፤ መርሻም ከሰው ቁመት በላይ ወረደ። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ሮብሌ እንደ አገሩ ልማድ ፍየል አርዶ ጎረቤት ጋበዘ። አሁን ግን «መሠረቱ እንደ ውሉ ነው፤ የምጨምረው የለም» ብሎ ፍርድ ቤት ይከራከራል። መርሻ ለተጨማሪው ሲሚንቶ ተበድሯል። ዛሬ ካልረታ አበዳሪው የኮንክሪት ማደባለቂያውን ይወስድበታል፤ ያለ እሱ ደግሞ መርሻ ተመልሶ የቀን ሠራተኛ ነው። ከተጋባዦቹ መካከል የሮብሌ ዘመድ ያልሆኑት ጋሽ ሙክታር ብቻ ስለነበሩ ጥልቀቱን ሊመሰክሩለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ዋሽቷል ይበሉ ያለዎት የለም» አለች ሀዊ። «ያዩትን ጉድጓድ ብቻ ይንገሩ።»

«መርሻ ስንት ይሰጥሻል?»

«ደመወዜን የሚከፍለኝ ጠበቃው ነው።»

«ለጠበቃውስ? የተማረ ሰው እጁን አያቆሽሽም፤ ጓንት ያጠልቃል።»

መርሻ ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሽ ሙክታር፣ ሊባርኩት ወርደው በመሰላል ያወጣንዎት እኛ አይደለን?»

«ዝም በል። ወገቤ እስካሁን አልዳነም።»

«እንግዲያው ከጉድጓዱ ያለ መሰላል አይወጣም ነበር» አለች ሀዊ ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጠበቡ። «እያወጣጣሽኝ ነው። ስልክሽን አምጪው፤ ድምፄን እየቀዳሽ እንደሆነ ማን ያውቃል።»

ሰጠቻቸው። አገላብጠው አይተው መለሱላት።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከክፋት አይመጣም። በሰው አገር ያረጀ ሰው ደግ ቃል ሲሰማ ዋጋውን መጠየቅ ይለምዳል። ጋሽ ሙክታር ግን ሀዊን ጠረጠሩ፣ መርሻን ጠረጠሩ፣ ያላዩትን ጠበቃ ጠረጠሩ፤ ሥጋ ያበላቸውን ሮብሌን ብቻ ሳይጠረጥሩት ቀሩ። የጠገበ ሆድ የሚያደላው ሳይታወቀው ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ሀዊ። «ምሳ የጋበዘዎት ሾፌር ጎማው ከውስጥ ተሰንጥቆ ቢያገኙት ምን ይሉታል?»

«ተሰንጥቋል እለዋለኋ።»

«ቢቀየምዎትስ?»

«ይቀየም። ዝም ብዬ ብሸኘው ድንበሩ ጋላፊ ሳይደርስ ይገለበጣል። ሌላውንም ሰው ይዞ ይሞታል።»

«ታዲያ ምሳውን ካዱት?»

«ጎማና ሰው ምን አገናኘው?»

«ሮብሌ ሰው የጠራው ለምን ነበር? ፍየሉን ብቻውን አርዶ መብላት ይችል ነበር። መሠረቱ እንዲታይና እንዲመረቅ ነው የጠራችሁ። ሥጋው አፍ መዝጊያ ከሆነማ ድግስ ሳይሆን ጉቦ ነው። እርስዎ ጉቦ በልተዋል ብዬ አላምንም።»

«ምላስሽ እንደ ወስፌ ነው» አሉ ጋሽ ሙክታር። ወደ መርሻ ዞሩ። «አንተስ ኮንክሪቱን ስታፈስ ለምን አላስፈረምከውም?»

«ድግሱ ላይ ወረቀት ላውጣ? አላመነኝም እንዳይለኝ አፈርኩ።»

«አንተ ጨዋ ለመባል፣ እኔ ሽማግሌው በሙቀት ልጎተት።»

«እውነትዎን ነው» አለች ሀዊ። «ጉድጓዱ ሳይሸፈን ባለቤቱና ሠራተኛው አብረው ለክተው ቢፈርሙ ኖሮ ሠራተኛው ሒሳቡን በጊዜው ያገኝ ነበር። ባለቤቱም ላልተሠራ ሥራ እንዳይከፍል ይጠበቅ ነበር። ጎረቤትም ሥጋውን በልቶ ያለ ሐሳብ ቤቱ ይገባ ነበር። ፊርማ የወዳጅነት ጠላት አይደለም፤ ወዳጅን ከመካካድ ያድናል።»

«ፈርሞ ቢሆን እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «በሉ፤ ያየሁትን እናገራለሁ። ሮብሌ ክፉ ነው አልልም። መርሻም ቅዱስ ነው አልልም።»

«ዳኛው የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው» አለች ሀዊ።

መርሻ ግን ሀዊን በዓይኑ ጠቅሶ ከዳሱ ጀርባ ወሰዳት። «አላምናቸውም» አላት በሹክሹክታ። «ዞር ስንል ለሮብሌ ይደውሉለታል።»

«እሺ አሉ እኮ።»

«በአፍ ነዋ። ሮብሌም እሺ ያለኝ በአፉ ነው።»

«እርስዎ እንደዚህ የሚያስቡ ከሆነ ምስክር ለምን ይጠራሉ?»

«ይልቅ አንቺ ከእሳቸው ጋር ቁጭ በይ፤ እኔ በር በሩን ልጠብቅ።»

«እስረኛ ናቸው?»

እነሱ ሲከራከሩ ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ጋሽ ሙክታር የሦስቱንም ሻይ ከፈሉ፤ ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡና ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጡ። ለረዳቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ እንዲያወርዳቸው በሶማሊኛ ነገሩት። ሚኒባሱ ተነሣ። ከዳሱ ጀርባ መርሻ አሁንም የሮብሌን ስልክ ቁጥር ሽማግሌው እንደሚያውቁት ለሀዊ እያስረዳ ነበር።