የሊቁ አስማተኛ ጾም

«ወሰንዬ፣ ነይ እስቲ ፀሐይዋ ጋ ተቀመጪ። የዘመሮን ብርድ ለምጃለሁ ብለሽ የእኛን እንዳትንቂው፤ የመሐል ሜዳ ብርድ ቂመኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣብሽ… ቤትስ አገኘሽ? አከራይሽ ደህና ሰው ናቸው? ተመስገን። ሹራብሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! በእጅሽ ነው የሠራሽው? እጅሽ ይባረክ…»

የባዮሎጂ መምህርቷ ጌታነሽ ድምጿ እንዲህ ማር ማር ሲል፣ የሚያውቋት መምህራን ቀስ ብለው ወደ ሻያቸው ያቀረቅራሉ። ጌታነሽ የአንዱን ሹራብ ካደነቀች ሌላው ሊራቆት ነው። ከማረፊያ ክፍሉ ማዶ ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ያርም የነበረው አፈወርቅም ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ እጁ መሐል ላይ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛው መምህር ገሠሠ ከሁለት ዓመት በፊት ከክረምት ትምህርቱ ሲመለስ አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ ይዞ መጣ። አንዱ ተረት ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራሉ፤ ጦረኛ፣ ሰላይ፣ አስማተኛ። የተሰጣቸውን ነጥብ ለጉልበት፣ ለጥበብ፣ ለግርማ ሞገስ ያከፋፍላሉ። የቀረውን ሃያ ገጽ ያላት ባለ ቁጥር ጠጠር እየተጣለች ትወስናለች። አስማተኛው ግን ሰይፍ የለውም፤ ስድስት አስማት ይመርጣል፣ የቡድኑ ሞትና ሽረት በእነዚያ ስድስቱ ላይ ነው።

እሑድ የሞላሌ መምህራን ለግጥሚያ ሊመጡ ነው። የአስማተኛውን ወንበር ሁለት ሰዎች ፈልገውታል፤ አፈወርቅና የቤተ መጻሕፍቷ የትምወርቅ። ገሠሠ ጠብ ስለማይወድ ምርጫውን በዚህ ሳምንት ተዛውራ ለመጣችው ለወሰኔ ሰጣት። ሁለቱን አስተዋውቋታል፤ ከዚህ በፊት አስማተኛው ማን እንደነበረ ግን ሆን ብሎ አልነገራትም። የረፍቱ ማብቂያ ደወል ሲደወል አንድ ስም ጽፋ ትሰጠዋለች።

አፈወርቅ ወንበሩን ፈልጎታል፤ ረኃብ በሚመስል ፍላጎት ፈልጎታል። አዲስ አስማተኛ ጽፎ በኮቱ ኪስ ይዟል። ስድስቱም አስማቶቹ ለሰው የሚሆኑ ናቸው፤ ሁለቱ ቁስል ያድናሉ፣ አንዱ ግንብ ያቆማል፣ አንዱ ጠላት ያስተኛል፣ ሁለቱ የተዘጋ መንገድ ይከፍታሉ። ከወር በፊት ያጠፋውን የሚክስበት ሌላ መንገድ አልታየውም። ጌታነሽ ወጣ ስትል ወረቀቱን ለወሰኔ ሊያሳያት ነበር፣ የባዮሎጂ መምህርቷ ግን ጭራሽ ወንበሯን አደላድላ ተቀመጠች።

«አስማተኛ ምረጪ ተባልሽ አሉ? እሰይ! እኔ እንኳ በሰው ምርጫ ጥልቅ ማለት አልወድም። ጠይቀሽኝ እንደሆነ ነው እንጂ… አልጠየቅሽኝም? ይሁን። ብትጠይቂኝ ግን ምን እልሽ ነበር መሰለሽ? አንዳንዱ የዋህ፣ ጥሩ አስማተኛ ጓደኛው ሲቆስል የሚያድን፣ መንገድ ሲዘጋ የሚከፍት ነው ይልሻል። ይኼ ያልገባው ሰው ወሬ ነው። እኛ አንድ ሊቅ ነበሩን… ስማቸው ምን ያደርግልሻል? ሥራቸው ይበቃል።»

ጌታነሽ አፈወርቅን ለስድስት ዓመት አንተ ስትለው ኖራለች። አሁን «እሳቸው» የምትለው አንቱታ ጆሮው ሲገባ ሊቁ የተባለው እሱ መሆኑ ገባው። ቢሆንም ስሙን አልጠራችም። ወሰኔም አታውቅም። በዚህች ተስፋ ላይ ሙጭጭ አለ።

«ነጥባቸውን ሲያከፋፍሉ ባየሽ! ለጉልበት አንድ፣ ለፍጥነት አንድ። ጥበብ ከእናታቸው ማኅፀን ይዘውት የመጡት ስለሆነ ለሱ ነጥብ ማባከን ምን ያስፈልጋል? የቀረውን ጠቅላላ ግርማ ሞገስ ላይ! ገሠሠ የላከብን ጭራቅ እኮ ሊበላን መጥቶ እሳቸውን ሲያይ በመጀመሪያ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ነው እኛን የበላን።

«አስማት አመራረጣቸውስ? አንደኛ፣ ንስር መሆን። ሁለተኛ፣ ፊት ላይ ብርሃን ማብራት… የማን ፊት ትያለሽ? የራሳቸው ነዋ፣ የሰው ፊት ምን ያገባቸዋል! ሦስተኛ፣ ድምፅን ከገደል ማዶ ማሰማት። አራተኛ፣ የካባ ቀለም መለወጥ። አምስተኛ፣ ከበግ ጋር መነጋገር። መንዝ ውስጥ ከበግ ጋር የማይነጋገር ማን አለ ብለሽ እንዳትስቂ፤ እሳቸው መልስም ያገኙ ነበር፣ እንዲያውም ከበጎቹ ጋር ነበር ቶሎ የሚግባቡት። ስድስተኛዋ ማዳኛ ናት። እሷን ገሠሠ ለምኖ፣ ለምኖ ያስጻፋቸው ናት።

«ራስን መቻል ማለት ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ሌላው በመጽሐፍ ያስተምረዋል፣ እሳቸው ኖረው አሳዩን። ቁጠባቸውስ! ዓመት ተኩል ሙሉ ስንዋጋ ያቺ ማዳኛ አንድ ቀን ከእጃቸው አልወጣችም። ቆሰልን፣ ደማን ስንል ‹ትቆይ፣ ለክፉ ቀን ነው› ይሉናል። እውነትም ክፉ ቀን መጣ… ምን ዋጋ አለው፣ ዓርብ ሆኖ ተገኘ።»

አፈወርቅ የሚያርመው የሥነ ዜጋ ፈተና ነበር። ራስን መቻልና ቁጠባ የሚሉት ምዕራፎች ከላይ በትልቁ ተጽፈው ስለሚታዩ፣ ክርኑን ቀስ አድርጎ ጫነባቸው።

«ሁዳዴ ነበር ወሰንዬ። እኛ በተቀመጥንበት እሑድ ነው፣ ቁርስ አይከለከልም። ገሠሠ ተልባ በጥብጦ ጠበቀን፣ ጠጣን፣ በላን። እሳቸውም እግዜር ይስጣቸው፣ የእኔንም ድርሻ አግዘውኛል። ተረቱ ውስጥ ግን ዓርብ ነበር። ገሠሠ ሲተርክ ‹ዓርብ ማለዳ ላይ› ብሎ አፉን አዳለጠው። የጨዋታው ሕግ ደግሞ፣ አስማተኛ ተዋግቶ ሲደክም እህል ካልቀመሰ ኃይሉ አይመለስለትም ይላል። እሺ፣ ይቅመስ! የገብስ ዳቦ ቀርቧል፤ ወተት ያልነካው፣ ቅቤ ያልሸተተው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹አስማተኛዬ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀምስም!›

«ንስር ሲሆን ያላፈረ፣ ከበግ ጋር ሲያወጋ የዋለ አስማተኛ፣ ለሃይማኖቱ ሲል ቢሞት… ይቅርታ፣ ቢኖር… ማን ሊከለክለው? ለመንን። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እንጠብቅ አልን፣ ጠበቅንም። ጭራቁ ግን ምን ያድርግ፣ ያልተማረ ነው፣ በአራት ሰዓት መጣ። ያን ጊዜ እሳቸው እጅ ላይ የቀረችው ለአንዲት አስማት የምትበቃ ኃይል ነበረች። አንዲት ብቻ! ሁለቱ ጓደኞቻችን ወድቀዋል። የእኔ ምሥራቅ ገደሉ አፋፍ ላይ በአንድ እጇ ተንጠልጥላለች…»

ምሥራቅ የጌታነሽ ጦረኛ ነበረች። እዚህ ላይ ሲደርስ የሴትዮዋ ድምፅ ቀጠነ። በስብሰባ ላይ ጌታነሽ ሐሳብ ስትሰጥ መሐል ላይ የማያቋርጣት የለም፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ምሥራቅ ሰይፏን ስትመዝ ሁሉም ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። በጨዋታው የሞተ ሰው ወረቀት ይቀደዳል፤ ዓመት ተኩል ሙሉ በፕላስተር የጠጋገነችው ያ ወረቀት ሲቀደድ ዕንባዋ መጣ። ሰው ፊት አለቀሰች። አፈወርቅ ያን ጊዜ ይቅር በዪኝ ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ምላሱን ረግሞ አልጠገበም።

«ንስር ሆኑና ብድግ አሉ! አቤት ማማር! እየወደቅሁ ቀና ብዬ አየኋቸውና፣ ይህን ሳላይ ብሞት ኖሮ ምንኛ በቆጨኝ ነበር አልኩ። በዚያ ላይ ጾመኛ ስለሆኑ ቀለል ብሏቸው ነው መሰለኝ፣ ከፍ ያለ በረራ ነበር። ክንፋቸው ሲያራግብልን ገደሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ነፋስ አገኘን። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ያቀረቀርኩትን ሴትዮ ትከሻዬን ቸብ አድርገው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ጨዋታ እኮ ነው።› እንዴት ያለ ማጽናኛ ነው! ለቅሶ ቤት ሁሉ እየሄዱ ቢናገሩት ስንት ሐዘንተኛ በተጽናና ነበር።

«በማግስቱ እንደ ወጉ ግምገማ ተቀመጥን። ከገሠሠ ጋር አምስት ነን፣ አደራጁን ሳንል የተደራጀን ነን። ሦስታችን ሂስ አወረድን፣ ግለ ሂስ አወረድን፣ ለምን ቀድመን ሞትን ብለን ራሳችንን ወቀስን። እሳቸው ምን ጥፋት አለባቸው? የቆመ እሳቸው ብቻ! ጥንካሬ በሚለው ሥር ‹ቡድኑ ሳይነጣጠል አብሮ ወድቋል› ተብሎ ተጻፈ። ድክመት በሚለው ሥር ደግሞ ‹ሰዓት አለማክበር›… የጭራቁ።»

ሁለት መምህራን ሻያቸው አፍንጫቸው ገብቶ ሳሉ። አፈወርቅ ብድግ አለ። እጁን ኪሱ ከተተና ወረቀቱን ነካው፤ አሁን ቢያወጣው ‹ሊቁ እኔ ነኝ› ማለት መሆኑ ታወሰው። በሩን የሚያይ መስሎ ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ። ወሰኔ እንዳልነቃች አየ። ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ይህችን ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ካለፈ ወንበሩ የእሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ እሑድ ላይ ምሥራቅን በምትተካዋ ጦረኛ ፊት ግንብ ያቆማል፣ ቁስሏን ያድናል፣ በአፉ ያልቻለውን በአስማቱ ይቅርታ ይጠይቃል።

«እና ወሰንዬ፣ እኔን ብትሰሚኝ እሳቸውን ምረጪ። ስማቸውን? አይ… አልጠራም ብያለሁ፣ ትሑት ናቸው፣ ቢመሰገኑ ያፍራሉ። ሞላሌዎች መጥተው ሲመለሱ ከመሐል ሜዳ አንድ ሰው እንኳ አልቆመም እንዳይሉን ነው። የእኛ ነገር ቀላል ነው፣ ወረቀት አናጣም፣ ሌላ እንጽፋለን። እንደሳቸው ያለ ግን ከየት ይገኛል?»

ደወሉ ተደወለ። ጌታነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ወንበሯን በቦታው መለሰች፤ ከዚያም እንደ ትልቅ ሰው ሁለት መዳፏን ዘረጋች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳይታዘዝ ኩባያውን አስቀመጠ።

«እኔስ ቂም አልይዝም፣ እመርቃቸዋለሁ። ፈጣሪ ዕድሜያቸውን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። አውሬ በመጣበት፣ ገደል በተናደበት ሁሉ የራሳቸው ፀጉር እንኳ አይነካ። ከእኛ ዕድሜ ቀንሶም ቢሆን ለሳቸው ይጨምርላቸው። ሁላችንንም በየተራ ቀብረው፣ ዕድራችንን ብቻቸውን በልተው፣ ድረሱልኝ ብሎ የሚጠራቸው ሰው በሌለበት አገር በሰላም ያኑራቸው።»

መንዝ ውስጥ ምርቃት ዝም ተብሎ አይታለፍም። ልጅነቱን ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን ያሳለፈ ሰው ደግሞ አፉ ከልቡ ይቀድማል። ሌሎቹ ሣቃቸውን ውጠው ከንፈራቸውን በነከሱበት ቅጽበት አፈወርቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ጥርት ባለ የዲያቆን ድምፅ ለብቻው «አሜን» አለ።

ወሰኔ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣችና «የትምወርቅ» ብላ ጻፈች።